ችቦውን የያዘው ማን ነው?

ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የተነሣ እንግዳ ዛሬ አፍሪካ ጎዳና የሚባለውን መንገድ ይዞ ወደ መሐል ከተማ ሲመጣ መስቀል አደባባይ ይደርሳል። ከአደባባዩ በዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና ሽቅብ ጥቂት እንደ ተራመደ፣ ድሮ ኢዮቤልዩ ይባል የነበረው ቤተ መንግሥትና አፍሪካ አዳራሽ መንገዱን መሐል አድርገው ሲተያዩ ያገኛቸዋል። በግንቦት 1955 ዓ.ም. (እዚህ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው) ነፃ የወጡት የአፍሪካ አገሮች መሪዎች ቦሌ እያረፉ የገቡት በዚሁ መንገድ ነበር። ወደ አዳራሹ ሲዘልቁም አንድ ግዙፍ ሥዕል ተቀበላቸው። የሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል ነው፤ ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር፣ የመግቢያውን አንድ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር የሞላ። ፀሐይ ስታገኘው ቀለሙ ከመስታወቱ ወርዶ ነጩን እብነ በረድ ያጥለቀልቀዋል።

ሥዕሉ ሦስት ክፍል አለው፤ ያለፈችው አፍሪካ፣ የምትታገለው አፍሪካና የነገዋ አፍሪካ። ሰንሰለት አለበት፤ ዘንዶ አለበት፤ የቅኝ አገዛዝን ክፋት የሚወክል አጽም አለበት። በነገዋ አፍሪካ ዘንድ ግን ዘንዶው የለም። በየአገራቸው ልብስ ያጌጡ አፍሪካውያን አብረው ቆመዋል። ከሁሉም ፊት ችቦ ይዞ የሚታየው የኢትዮጵያ ልብስ የለበሰ ቤተሰብ ነው። ከበስተኋላ ደግሞ ጥሩር የለበሰ ተዋጊ አለ፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ምሳሌ ነው።

ክርክሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ችቦው ለምን በኢትዮጵያዊው እጅ ሆነ? ለአንዳንዱ ተመልካች መልሱ ግልጽ ነው። አዳራሹን ያሠሩት ጃንሆይ ናቸው፣ ሥዕሉን ያዘዙትም እሳቸው፤ ስለዚህ ሥዕሉ የዘውድ ልሳን ነው፣ አፍሪካን ከኋላ አሰልፎ «ተከተሉን» የሚል። ለሌላው ደግሞ ነገሩ የታሪክ እውነት ነው። ዓድዋ ላይ የተለኮሰው እሳት ለአህጉሩ ሁሉ ስለ ተረፈ፣ ችቦውን ኢትዮጵያዊ ቢይዘው ምን ይገርማል? ሁለቱም ወገኖች የሚሉት አላቸው። ሁለቱም ግን ሥዕሉ ለሕዝብ የታየበትን ወር አይመለከቱም። እኔ የምለው ያንን ወር ሳያዩ ችቦውን ማንበብ አይቻልም ነው።

አፍሪካ አዳራሽ የተመረቀው ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው። የታኅሣሥ ግርግር ካበቃ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። ጃንሆይ ብራዚል ሳሉ የክብር ዘበኛ ጦር አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ ከተማይቱን ያዙ፤ መሳፍንቱና ሚኒስትሮቹ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ታግተው ብዙዎቹ እዚያው ተረሸኑ። አዳራሹ ሲመረቅ ገርማሜ ሞቷል፤ ጄኔራል መንግሥቱ ግን ገና በእስር ላይ ነበሩ፤ የተሰቀሉት መጋቢት 21 ነው። በግርግሩ ቀናት አልጋ ወራሹ በሬዲዮ ያነበቡት መግለጫ ውስጥ አንድ ነገር አለ። ትናንት ነፃ የወጡት የአፍሪካ አገሮች ወደ ፊት ሲራመዱ፣ የሦስት ሺህ ዓመት ታሪክ አለኝ የምትለው ኢትዮጵያ ባለችበት ቆማለች የሚል ሐሳብ። የመፈንቅለ መንግሥቱ ቁጭት ከዚህ የመነጨ ነበር፤ ኋላ ቀረን የሚል ቁጭት።

እንግዲህ አንባቢ ያን መግለጫ በጆሮው ይዞ ወደ ሥዕሉ ይመለስ። በታኅሣሥ ሬዲዮው «ከኋላ ነን» አለ፤ በጥር መስታወቱ «ከፊት ነን» አለ። ሥዕሉ ለመግለጫው መልስ ሆኖ የተሣለ አይደለም። ንድፉ ከግርግሩ አስቀድሞ የተጠነሰሰ ነው፣ መስታወቱም በፈረንሳይ አገር ባለሙያዎች የተሠራ ነው፤ ይህን የሚያህል ሥራ በሁለት ወር አይደርስም። የምረቃው ዕለት የተገኘው የአዲስ አበባ ሰው ግን ሬዲዮውን ያልሰማ አልነበረምና፣ ሠዓሊው ያላሰበው ትርጉም በሥዕሉ ላይ ተደረበበት። ሰሙን አፈወርቅ ሠራው፤ ወርቁን ዘመኑ ጨመረበት ቢባል ይሻላል። አሥራ ሰባት የአፍሪካ አገሮች በአንድ የፈረንጅ ዓመት ነፃ በወጡበት ጊዜ «ከፊት ያለው ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ለኢትዮጵያ የውስጥ ፖለቲካ ጥያቄ ነበር፤ ሰው የሞተበት ጥያቄ።

ጥሩር የለበሰው ተዋጊም የዚያው ወር ዕዳ አለበት። በዚያን ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት ጦር ኮንጎ ነበር፤ የኛ ጠቅል ብርጌድም አብሮ ዘምቷል። የኮንጎው ጠቅላይ ሚኒስትር ፓትሪስ ሉሙምባ የተገደሉት ጥር 9 ቀን ነው፤ ሞታቸው ለዓለም የተነገረው ግን የካቲት 6። አዳራሹ የተመረቀው በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ነው። እንግዶቹ ቀና ብለው የአፍሪካን ጠባቂ በመስታወት ሲያዩ፣ ጠባቂው በአገሩ ሳለ ያላዳነው መሪ ሞቶ ነበር፤ ከታዳሚው አብዛኛው ግን ወሬው ገና አልደረሰውም። ከዚያ በኋላ ያንን ተዋጊ ያለ ጥርጣሬ የተመለከተ አፍሪካዊ ብዙ የነበረ አይመስለኝም።

ስለ ሠዓሊው ጥቂት እንበል። አፈወርቅ አንኮበር በ1925 ዓ.ም. ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ የማዕድን ምሕንድስና እንዲማር ወደ እንግሊዝ ተላከ፤ ልቡ ወደ ሥዕል አዘንብሎ ለንደን ስሌድ በተባለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማረ። በ1946 አዲስ አበባ ላይ ሥራዎቹን ካሳየ በኋላ ተመልሶ አውሮፓን ዞረ፤ የመስታወት ሥዕልን ጥበብ ያጠናው ያኔ ነው። እጁ የአውሮፓን ትምህርት ቢማርም ዓይኑ ግን ያደገው በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ነው። ዘንዶና ጦረኛ ማየት ለኢትዮጵያዊ አዲስ ነገር አይደለም፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ ላይ ሆኖ ዘንዶውን ሲወጋ፣ ብሩታዊትም ከዛፉ ላይ ሆና ስታይ፣ ይህን ሳያይ ያደገ የደብር ልጅ የለም። አፈወርቅ ዘንዶውን ከደብሩ ግድግዳ አውርዶ ቅኝ አገዛዝ አለው። ከጋና ወይም ከጊኒ የመጣ እንግዳ የፖለቲካ ምሳሌ ሲያይ፣ የጉለሌ ሰው የሚያየው ሰማዕቱን ነው።

ችቦውም እንዲሁ ነው። ለሌላው ዓለም ችቦ የሥልጣኔና የነፃነት ምልክት ነው፤ ለእኛ ደግሞ የቡሄና የእንቁጣጣሽ፣ የደመራም ነው። ደመራውም የሚለኮሰው ከዚያ ሥዕል በጥቂት እርምጃ ርቀት፣ እመስቀል አደባባይ ላይ ነው። ችቦ ይዞ የሚወጣ አባወራ ጎረቤቱን ሊመራ አይወጣም፤ የራሱን እንጨት ከሰፈሩ እንጨት ጋር ሊደምር ነው። ሥዕሉን እንዲህ ያነበበ ሰው «ተከተሉን» የሚለው ክስ ይለዝብለታል። ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ግን አልልም፤ ከፊት የቆመ ከፊት ቆሟል።

ቀለሞቹም እንዲሁ አከራካሪ ናቸው። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጎልተው ስለሚታዩ ብዙ ሰው የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ያያል። ጋና ግን በ1949 ነፃ ስትወጣ እነዚህኑ ቀለሞች ለራሷ ወስዳ ነበር፤ ጊኒም በ1951 ተከተለች፤ ማሊና ሴኔጋልም እንዲሁ። በ1953 ያ ቀለም የማን ነበር? የሰጪው ወይስ የተቀባዩ? የመስታወቱ ብልኃት ይህን ሳይመልስ ማለፉ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነጥቤ ልምጣ። በዚያ ሥዕል ላይ ችቦውን ንጉሥ አልያዘውም። በዚያ ዘመን የጃንሆይ ምስል ያልተሰቀለበት መሥሪያ ቤት አይገኝም፤ ገንዘቡም የሳቸው፣ ቤቱም የሳቸው ስጦታ ነው። አፈወርቅ ግን ከፊት ያቆመው ተራ ሰው ነው። ባልና ሚስት፣ ቤተሰብ። ይህ የድፍረት ይሁን የትሕትና የሠዓሊው ምርጫ የሥዕሉን ዕድሜ ወሰነው ብዬ አምናለሁ።

መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከአፍሪካ አዳራሽ ፊት ለፊት ካለው ቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ተጭነው ሲወጡ መስታወቱ እዚያው ነበር። ከዚያ በኋላ ስማቸው ከዩኒቨርሲቲው ተፋቀ፤ ቤተ መንግሥቱም ኢዮቤልዩ መባሉ ቀረ። መስቀል አደባባይ አብዮት አደባባይ ተብሎ ማርክስ፣ ኤንግልስና ሌኒን በግዙፍ ሥዕል ቆሙበት። በመስከረም 1976 ደግሞ ከአፍሪካ አዳራሽ አቅራቢያ የሌኒን ሐውልት ተተከለ፤ ሰውየው ከቆመበት ወደ ፊት የተራመደ ሆኖ፤ የአዲስ አበባ ሰውም ወደ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ እየሸሸ ነው እያለ ቀለደበት። በግንቦት 1983 ሐውልቱ ተገርስሶ ወደቀ። መስታወቱን ግን ማንም አልነካውም። በእርግጥ ግቢው የተባበሩት መንግሥታት መሆኑ ጋሻ ሆኖታል፤ ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ ሐሰተኛ እሆናለሁ። ቢሆንም ደርግ የራሱን እንግዶች እዚያ ሥዕል ሥር ሲያስተናግድ ያሳፈረው ነገር አልነበረም። ዘውድ ፈልጎ የሚያይ ዓይን ገበሬ ቢያገኝ ምን ይላል? አብዮቱም ገበሬውን የኔ ነው ይል ነበርና።

ከሥዕሉ ሥር የተቀመጡት መሪዎች ግን በ1955ቱ ጉባኤ የችቦውን ነገር በቃል ሲከራከሩበት ሰንብተዋል። የጋናው ክዋሜ ንክሩማ አንድ መንግሥት አሁኑኑ ይመሥረት አሉ፤ ብዙዎቹ ደግሞ ቀስ በቀስ ይሁን አሉ። ግንቦት 17 ቀን የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር ወደ ሁለተኛው ያደላ ነበር። በመስታወቱ ላይ ሁሉም በአንድነት ቆመዋል፤ ከሥሩ ግን እያንዳንዱ የየራሱን ድንበር ጠብቆ ፈረመ።

አፈወርቅ ተክሌ ሚያዝያ 2004 ዓ.ም. አረፉ። አዳራሹ ለዓመታት ሲታደስ ቆይቶ በጥቅምት 2017 እንደ ገና ተከፈተ፤ መስታወቱም ታጥቦና ተጠግኖ ወደ ቀለሙ ተመለሰ። ለማየት የሚሄድ ሰው ፀሐይ ወደ መስታወቱ የምትዞርበትን ሰዓት ጠይቆ ቢሄድ ይሻለዋል። ያን ጊዜ ቀይና ቢጫው እብነ በረዱ ላይ ይወርዳል፤ ቆሞ የሚያየውም ሰው ከፊትም ይሁን ከኋላ፣ ነጭ ልብስ ከለበሰ፣ በቀለሙ ይነከራል።