የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት

የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት (በተለምዶ ቼክ ኢንጂን) በመኪና ዳሽቦርድ ላይ የሚገኝ ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ምልክት ነው። የሚበራውም ሞተሩን የሚቆጣጠረው ኮምፒዩተር ስህተት ሲያገኝ ነው። መብራቱ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይናገርም፤ በኮምፒዩተሩ ውስጥ የስህተት ኮድ መመዝገቡን ብቻ ያመለክታል። ስለዚህ መብራቱን ማጥፋትና ብልሽቱን መጠገን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከቀዩ የዘይት ግፊት መብራት ጋርም መምታታት የለበትም፤ ቀዩ ሲበራ ሞተሩ ወዲያውኑ መጥፋት አለበት።

አሠራር

ኮምፒዩተሩ ከተለያዩ ሴንሰሮች መረጃ ይቀበላል። ከእነዚህም ውስጥ የአየር መጠን፣ የውሃ ሙቀት፣ የሞተር ዙርና በጭስ መውጫው ላይ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ይገኛሉ። የተቀበለው መረጃ ከሚጠበቀው ወሰን ሲወጣ ኮድ ይመዘግባል። በብዙ ዓይነት ስህተቶች መብራቱ የሚበራው ስህተቱ በሁለት ተከታታይ ጉዞዎች ከታየ ነው። ስህተቱ በሦስት ተከታታይ ጉዞዎች ካልተደገመ መብራቱ በራሱ ይጠፋል። ኮዱ ግን ሞተሩ 40 ጊዜ ያህል ቀዝቅዞ እስኪሞቅ ድረስ ሊቆይ ይችላል።

መብራቱ ሳይቋረጥ ከበራና መኪናው በደንብ ከሄደ በጥንቃቄ እስከ ጋራዥ መንዳት ይቻላል። ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን በአንድ ወይም በብዙ ሲሊንደሮች ውስጥ ነዳጁ በአግባቡ አይቀጣጠልም ማለት ነው። ያልተቃጠለው ነዳጅ ወደ ጭስ ማጣሪያው (ካታሊስት) ገብቶ እዚያ ስለሚቃጠል ውድ የሆነውን ማጣሪያ ሊያቀልጠው ይችላል። በዚህ ጊዜ ፍጥነት መቀነስና በተቻለ ፍጥነት መቆም ያስፈልጋል።

ታሪክ

የአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት ከ1988 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ መኪኖች ራሳቸውን የሚመረምሩበት ሥርዓት እንዲኖራቸው አስገደደች። በዚህ የመጀመሪያ ትውልድ እያንዳንዱ አምራች የራሱ መሰኪያና የራሱ ኮድ ነበረው። ከ1996 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ ለሚሸጡ አዳዲስ አውቶሞቢሎች ኦቢዲ-2 የተባለው አንድ ወጥ ደረጃ ግዴታ ሆነ። የአውሮፓ ኅብረትም ተመሳሳዩን ደረጃ በ2001 እ.ኤ.አ. ለቤንዚን አውቶሞቢሎች አስገዳጅ አደረገ።

ኮድ ማንበብ

ከኦቢዲ-2 በፊት በተሠሩ ብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ኮድ ያለ መሣሪያ ይነበባል። በኮፈኑ ሥር ባለው የምርመራ ሳጥን ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉት ቀዳዳዎች በአጭር ሽቦ ይገናኛሉ፤ ከዚያም ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ይከፈታል። መብራቱ በእኩል ልዩነት ሳይቋረጥ ብልጭ ካለ የተመዘገበ ኮድ የለም። ሁለት ጊዜ ብልጭ ብሎ፣ ጥቂት ቆይቶ አንድ ጊዜ ከደገመ ኮዱ 21 ሲሆን የኦክስጅን ሴንሰርን ያመለክታል። 22 ደግሞ የውሃ ሙቀት ሴንሰር ነው። ሽቦው በተሳሳተ ቀዳዳ ከገባ ኮምፒዩተሩን ሊጎዳ ስለሚችል በክዳኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማረጋገጥ ያሻል።

በኦቢዲ-2 መኪኖች ባለ 16 ፒን መሰኪያ አብዛኛውን ጊዜ ከመሪው በታች ይገኛል። እዚያ ላይ የኮድ ማንበቢያ ወይም በብሉቱዝ ከስልክ ጋር የሚገናኝ አስማሚ ይሰካል። ኮዱ አንድ ፊደልና አራት አኃዞች አሉት። ፒ ሞተርንና ካምቢዮን፣ ቢ አካልን፣ ሲ ፍሬንንና መሪን፣ ዩ የኮምፒዩተሮችን ግንኙነት ያመለክታል። ቀጥሎ ያለው 0 ለሁሉም አምራች የጋራ የሆነ ኮድ ሲሆን 1 በአብዛኛው የአምራቹ የራሱ ነው።

ምርመራ

ኮድ የምርመራ መነሻ እንጂ የሚቀየር ዕቃ ስም አይደለም። የተለመዱ ምሳሌዎች፦

• ፒ0171፦ በነዳጁ ድብልቅ ውስጥ አየር በዝቷል። መንስኤው የተሰነጠቀ የቫኪዩም ቱቦ፣ የቆሸሸ የአየር መጠን ሴንሰር ወይም የደከመ የነዳጅ ፓምፕ ሊሆን ይችላል። የኦክስጅን ሴንሰሩን ወዲያው መቀየር ብዙ ጊዜ ገንዘብ ማባከን ነው።
• ፒ0301፦ አንደኛው ሲሊንደር በአግባቡ አያቀጣጥልም። ለየሲሊንደሩ የራሱ ኮይል ባለው ሞተር የአንደኛውን ኮይል ከሁለተኛው ጋር መለዋወጥ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ኮዱ ወደ ፒ0302 ከተቀየረ ችግሩ ኮይሉ ነው፤ ካልተቀየረ ካንዴላው፣ የነዳጅ መርጫው (ኢንጀክተር) ወይም የሲሊንደሩ ግፊት ይመረመራል።
• ፒ0420፦ የጭስ ማጣሪያው አቅም ቀንሷል። ማጣሪያው ከመቀየሩ በፊት የጭስ መውጫው እንዳያፈስ መታየት አለበት።
• ፒ0455፦ የነዳጅ ትነት በብዛት ያፈስሳል። አንዳንዴ መፍትሔው የነዳጅ ታንከሩን ክዳን በደንብ ማጥበቅ ብቻ ነው።

ማጥፋት

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ኮዱን መጻፍ፣ ብልሽቱን መጠገን፣ ኮዱን በማንበቢያው መሰረዝና ከዚያም መኪናውን ነድቶ ማረጋገጥ ነው። በአሮጌ መኪኖች የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ መንቀልም ኮዱን ሊሰርዝ ይችላል። ሆኖም ኮምፒዩተሩ ስለ ነዳጅ ድብልቅ የተማረው ማስተካከያ አብሮ ስለሚጠፋ ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ ያለ እርጋታ ሊሠራ ይችላል፤ አንዳንድ ሬዲዮዎችም የሚስጥር ቁጥር ይጠይቃሉ። ያልተጠገነ ብልሽት ካለ መብራቱ ተመልሶ ይበራል።

ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰው ሁለት ነገሮችን ማየት ይጠቅማል። ቁልፉ ሲከፈት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ መብራቱ መብራት አለበት፤ ካልበራ አምፖሉ ተቃጥሎ ወይም ሆን ተብሎ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። በኦቢዲ-2 መኪና ደግሞ ማንበቢያው ኮምፒዩተሩ የራሱን ፍተሻዎች መጨረሱን ያሳያል። ምንም ኮድ ሳይኖር አብዛኞቹ ፍተሻዎች «ያልተጠናቀቀ» ካሉ፣ ኮዱ በቅርቡ ተሰርዟል ወይም ባትሪው ተነቅሏል ማለት ነው። ብዙዎቹ ፍተሻዎች የሚጠናቀቁት መኪናው በከተማና በረጅም መንገድ ከተነዳ በኋላ ስለሆነ፣ በሰፈር ዙሪያ የሚደረግ አጭር ሙከራ በቂ አይደለም።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ አሮጌ የቶዮታ መኪኖች በብዛት ይታያሉ። በካርቡሬተር የሚሠሩት አብዛኞቹ የቀድሞ ሞዴሎች የሞተር ኮምፒዩተር ስለሌላቸው ይህ መብራት የላቸውም። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አንዳንድ መኪኖች ደግሞ ባለ 16 ፒን መሰኪያ ቢኖራቸውም ከርካሽ ማንበቢያዎች ጋር ላይግባቡ ይችላሉ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከታገደ ወዲህ ያሉትን መኪኖች ጠግኖ ማቆየት ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል።