ጎሬ ያላየችው ባቡር

ጎሬ ላይ የባቡር ሐዲድ ተነጥፎ አያውቅም። ቡናዋ ግን ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ በባቡር ሲጓዝ ኖሯል፤ ያውም በሁለት ዓይነት ሐዲድ። ወደ ምዕራብ የወረደው፣ ካርቱም ደርሶ 1,067 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የሱዳን ሐዲድ ወደ ቀይ ባሕር ተሻገረ። ወደ ምሥራቅ የወጣው ደግሞ ከአዲስ አበባ በ1,000 ሚሊ ሜትሩ ሐዲድ ጅቡቲ ወረደ። ሁለቱም ጠባብ ሐዲዶች ናቸው። ጎሬ በመካከላቸው ተቀምጣ፣ የምዕራቡ በር ሲከፈት ከበረች፤ የምሥራቁ ሲበረታ ደግሞ ገበያዋ ሳሳ። የጎሬ ልጅ ነኝ፤ ታሪክም ሳስተምር ኖሬአለሁ። የከተማዬ ስም በመማሪያ መጽሐፍ የሚነሣው ጣሊያን በወረረን ጊዜ በ1928 ጎሬ ላይ ለተቀመጠው መንግሥት ብቻ መሆኑ ዛሬም አይዋጥልኝም።

ነገሩ የሚጀምረው ከ1894 ዓ.ም. ነው። በግንቦት ወር ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዞች ከሱዳን ጋር ያለውን ወሰን የሚለይ ውል ተፈራረሙ። በአራተኛው አንቀጽ በባሮ ወንዝ ዳር፣ ኢታንግ አጠገብ፣ ከ2,000 ሜትር ያልበለጠ የወንዝ ዳርቻና ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለንግድ ጣቢያ ተፈቀደላቸው። ጣቢያው ብዙም ሳይቆይ ሽቅብ ወደ ጋምቤላ ተዛወረ። አምስተኛውን አንቀጽ የሚያስታውስ ሰው ግን ጥቂት ነው። እንግሊዞች ሱዳንን ከዩጋንዳ የሚያገናኝ የባቡር መስመር በኢትዮጵያ መሬት ላይ አሳልፈው እንዲሠሩ መብት የሚሰጠው እሱ ነው።

ያ አንቀጽ ባዶ ምኞት አልነበረም። የእንግሊዙ የጦር መሪ ኪችነር በ1889 ዓ.ም. ከዋዲ ሐልፋ በረሃውን ሰንጥቆ ሐዲድ መዘርጋት ሲጀምር የደቡብ አፍሪካን ስፋት፣ 1,067 ሚሊ ሜትርን፣ የመረጠው፣ አንድ ቀን ከኬፕ እስከ ካይሮ ያለው መስመር ይገጣጠማል በሚለው የዘመኑ ሐሳብ ነበር። መስመሩ በ1892 ካርቱም ትይዩ ደረሰ። ውሉ በተፈረመበት በዚያው በ1894 ዓ.ም. ደግሞ ከሞምባሳ የተነሣው የዩጋንዳ ባቡር ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ገባ። የእሱ ስፋት ግን 1,000 ሚሊ ሜትር ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 67 ሚሊ ሜትር፣ ከአራት ጣት የማይበልጥ ነው። የአምስተኛው አንቀጽ ሐዲድ ቢሠራ ኖሮ፣ አንድ ቦታ ላይ ጭነቱ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ መገልበጡ አይቀርም ነበር። ያ ቦታ በእኛ ቆላ ላይ ሊውል ይችል እንደነበር ሳስብ፣ ስለዚያ አንቀጽ ሳላስተምር የቀረሁበት ዓመት የለም።

ሐዲዱ አልተሠራም። በእሱ ፈንታ የመጣው በእንፋሎት የሚሄደው የሱዳን መርከብ ነው።

የአያቴን ሥራ የማውቀው ከዚህ በኩል ነው። ሲራራ ነጋዴ ነበሩ። ቡናውን በጆንያ አስረው፣ ሰምና ቆዳ ጨምረው፣ በበቅሎና በአጋሰስ ከጎሬ ወደ ቡሬ፣ ከቡሬ ቁልቁል ወደ ጋምቤላ ይነዱ ነበር። ጎሬ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ጋምቤላ 500 ሜትር ገደማ። ከጉም ተነሥቶ ሙቀት ውስጥ መግባት ለሰውም ለከብትም አይመችም። ከቡሬ በታች በቅሎ በገንዲ ይመታል፤ ሰው በወባ ይወድቃል። ሲመለሱ ጨው፣ አቡጀዲና የማርትሬዛ ብር ይዘው ይወጣሉ። በጋምቤላም በጎሬም ግሪኮችና ሶርያውያን ሱቅና መጋዘን ነበራቸው፤ እንግሊዞችም ጎሬ ላይ ቆንስላ ከፈቱ። ይህን ሁሉ የሳበው የባሮ ውኃ ነው።

የአያቴን ዘመን ነጋዴዎች ያስጨነቃቸው ግን ከርቀቱ ይልቅ ወሩ ነበር። ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። መንገዱም ለበቅሎ የሚመቸው በዚያው በበጋ ነው። መርከቡ ግን ጋምቤላ የሚደርሰው ባሮ ሲሞላ፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ብቻ ነበር። በጋ ላይ የወረደ ቡና ክረምቱ እስኪገባ መጋዘን ውስጥ ወራት ይቀመጣል፤ የነጋዴውም ገንዘብ አብሮት ይታሰራል። ክረምቱን ጠብቆ የሚወርድ ደግሞ በጭቃና በሞላ ወንዝ መካከል ይቸገራል። ብድር፣ አደራ፣ የመጋዘን ኪራይ፣ የግሪኩ የቅድሚያ ክፍያ፣ ሁሉም የተወለደው ከዚህ የወር አለመገጣጠም ነው። የጎሬን የንግድ ታሪክ ሊጽፍ የሚነሣ ሰው ከራሶቹ ስም በፊት ይህን የወር አቆጣጠር ቢያጠና ምኞቴ ነው።

መርከቡ ባሮን ተከትሎ ሶባትን፣ ከሶባት ነጭ ዓባይን ይዞ፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ካርቱም ይገባል። ከዚያ ቡናው ጠባቡ ሐዲድ ላይ ይጫናል። ከሱዳኗ ከተማ ከአትባራ ወደ ቀይ ባሕር የሚሄደው መስመር በ1898 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ አዲሱ ወደብ ፖርት ሱዳንም በ1901 በይፋ ተመረቀ።

የምሥራቁ ባቡር ታሪክ ከዚህ ይበልጥ ይታወቃልና አላረዝመውም። ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን የሰጡት በ1886 ነው፤ ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። 784 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው። አንድ ሜትር ስፋት የተመረጠው ለብር ቁጠባና ለጠመዝማዛው አቀበት ነው። ጠባብ ሐዲድ ኩርባውን ሰብሰብ አድርጎ ይዞራል፤ ድልድዩም ቁፋሮውም ያንሳል።

በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ ሁለቱ በሮች የአገሪቱን ዕጣ ተካፈሉት። ሚያዝያ 24 ቀን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በምሥራቁ ባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። የቀረው መንግሥት ደግሞ መቀመጫውን ጎሬ አደረገ፤ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ፣ በኋላም ራስ እምሩ መሩት፤ ጥቁር አንበሳ የተባለው የአርበኞች ድርጅት መኮንኖችም ከራስ እምሩ ጋር ሆኑ። ጎሬ የተመረጠችው ሩቅ ስለነበረች ብቻ አይደለም። ከኋላዋ ጋምቤላ ነበረ፤ ከጋምቤላ በስተኋላ ሱዳን። ወደ ውጭ ዓለም የሚያስወጣ የመጨረሻው በር ያ ነበር። ጣሊያን በኅዳር 1929 ጎሬን ያዘ። ጳጳሱ አቡነ ሚካኤልም በዚህችው ከተማ ተሰዉ።

ከ1933 በኋላ ጎሬን ያዳከማት ሌላ ነገር ነው። ጣሊያን ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የጠረገው የመኪና መንገድ የምዕራቡን ቡና ወደ ምሥራቅ አዞረው። ጭነት መኪና ክረምት እስኪገባ አይጠብቅም። አዲስ አበባ የደረሰው ጆንያ ለገሀር ባቡር ጣቢያ ላይ ፉርጎ ይገባል። በ1940ዎቹ ደግሞ የባቡር ኩባንያው ከእንፋሎት ወደ ዲዝል መዞር ጀመረ፤ እንደ አልስቶም ያሉ ፋብሪካዎች የሠሯቸው ዲዝል ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቮች ገቡ። የእንፋሎቱ ሎኮሞቲቭ በደረቁ በረሃ ውኃ ይፈልግ ነበር፤ ውኃ መቅጃ ጣቢያ በየርቀቱ መቆም ነበረበት። ዲዝሉ ያን ጥማት ገላገለው።

አሠራሩን ለተማሪዎቼ የምገልጸው እንዲህ ነው። የዲዝል ሞተሩ ጎማውን በቀጥታ አይነዳም። ጄኔሬተር ያሽከረክራል፤ ጄኔሬተሩ መብራት ይሰጣል፤ መብራቱ በየአክስሉ ላይ የተቀመጡ ኤሌክትሪክ ሞተሮችን ያዞራል። ኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ሲነሣ ከባድ ጉልበት ስለሚሰጥ ከበረሃው ወደ ደጋው ለሚወጣ ባቡር ተስማሚ ነው። የጠባብ ሐዲድ ችግር ግን እዚሁ ላይ ይመጣል። በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ክፍተት ከአንድ ሜትር ስለሚያንስ ሞተሩ ተጨምቆ መግባት አለበት፤ ቀጭኑ ሐዲድም በየአክስሉ ከባድ ጭነት አይችልም።

ይህ ችግር ይበልጥ የከበዳቸው፣ ሆኖም የፈቱት፣ ሁለት ዓይነት ጉልበት ያላቸው ሎኮሞቲቮች ናቸው። ከሐዲዱ በላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ባለበት ከሽቦው መብራት ይወስዳሉ፤ ሽቦው ሲያልቅ የራሳቸውን ዲዝል አስነሥተው ይቀጥላሉ። የስዊሱ ሬቲያ ባቡር በ1960 ዓ.ም. ገደማ ለአንድ ሜትር ሐዲዱ ሁለት እንዲህ ያሉ አሠርቷል። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ በ1984 እና በ1985 ገደማ ለ1,067 ሚሊ ሜትር ሐዲዷ ሃምሳ አስገብታለች፤ ዋናውን መስመር በ3,000 ቮልት ሄደው፣ ሽቦ ወደሌለው የጭነት ግቢና ቅርንጫፍ ሳይቀየሩ ይገባሉ። አንዱ ሳጥን ውስጥ ሁለት ማሽን ማስገባት ክብደትና ወጪ አለው። ሆኖም ሎኮሞቲቭ ለመቀየር የሚባክነው ጊዜ ይቀራል።

የእኛ አገር ጠባብ ሐዲድ ሽቦ ሳይደርስበት አረጀ። ጥር 6 ቀን 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ የደረሰው አደጋ ከ400 በላይ ሰው ገደለ፤ ከዚያ በኋላ መስመሩ እየደከመ ሄዶ በ2000ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ባቡር ማየት አቆመች። በ2009 የተመረቀው አዲሱ መስመር 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ በ25,000 ቮልት ይሠራል፤ በምዕራብ በኩል የሚያበቃው ሰበታ ላይ ነው። በዚህ መካከል ጋምቤላ በ1949 ወደ ኢትዮጵያ ተመልሳ፣ የደቡብ ሱዳን ጦርነት የወንዙን ንግድ አክስሞት፣ የኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ዋና ከተማነትም በደርግ ዘመን ከጎሬ ወደ መቱ ሄደ።

ዛሬ የኢሉባቦር ቡና በጭነት መኪና በበደሌ አድርጎ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ወደ ምዕራብ ሐዲድ ይዘርጋ የሚል ሐሳብ በተነሣ ቁጥር ወሬው የሚያተኩረው በሽቦውና በፍጥነቱ ላይ ነው። እኔ የምለው ይለያል። ሐዲዱ ይቅደም፤ ሽቦው ይከተል። ሁለት ዓይነት ጉልበት ያለው ሎኮሞቲቭ ካለ፣ ሰበታ ድረስ በዲዝል መጥቶ ከሰበታ በኋላ በሽቦው ጅቡቲ መግባት ይችላል፤ ቡናውም መንገድ ላይ አይገለበጥም። የመስመሩን አቅም የሚያሰላው መሐንዲስም ዓመቱን ለአሥራ ሁለት አካፍሎ እንዳይተው እለምናለሁ። ፉርጎ የሚያስፈልገን ከኅዳር እስከ መጋቢት፣ ጆንያው ከየወረዳው መቱና ጎሬ በሚሰበሰብበት ጊዜ ነው። አያቶቻችን የከሰሩት መርከቡ በሌላ ወር ይመጣ ስለነበር ነው።