«እሺ» በየትኛው ድምፅ? ልጆችን የድምፅና የፊት አደብ ስለማስተማር

በሸዋ ሮቢት ዙሪያና በይፋት ቆላ ማሽላው እሸት ሲይዝ ልጆች ማማ ላይ ይወጣሉ። ወፍ የሚጠብቅ ልጅ ወንጭፍ ይይዛል፣ ጅራፍ ያጮሃል፣ ከሁሉም በላይ ግን በጉሮሮው ይጮሃል። ድምፁ በበረታ ቁጥር ጎበዝ ይባላል። ይኸው ልጅ መድረሳ ሲገባ ደግሞ ሁሉም የየራሱን ትምህርት ጮክ ብሎ በሚቀራበት ክፍል ይቀመጣል፤ ድምፁን ዝቅ ካደረገ ኡስታዙ «አልሰማሁህም» ይለዋል። ማታ እናቱ «ውሃ አምጣ» ስትለው በዚያው የማማ ድምፅ «እሺ አልኩ እኮ!» ብሎ ይመልሳል። ወዲያው ይገሰጻል፣ ብዙ ጊዜም ከእሱ በበለጠ ጩኸት። ልጁ ግን ምን እንዳጠፋ አልገባውም። የተናገረው ቃል «እሺ» ነው፤ ጥፋቱ ያለው ድምፁ ላይ ነው።

ይህን ልዩነት ልጅ በተፈጥሮው ይዞት አይወለድም። ሰላምታንና ቢስሚላህን እንደምናስተምረው ሁሉ ድምፁን፣ ፊቱንና አካሉን እንዴት እንደሚይዝም ልናስተምረው ይገባል።

መነሻውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በሱረቱ ሉቅማን 18ኛውና 19ኛው አንቀጽ ሉቅማን ልጃቸውን የመከሩት ስለ ጉንጭ፣ ስለ አረማመድና ስለ ድምፅ ነው፦ ፊትን በኩራት ከሰው እንዳያዞር፣ በምድር ላይ እየተንጎራደደ እንዳይሄድ፣ በአካሄዱ መካከለኛ እንዲሆን፣ ድምፁንም ዝቅ እንዲያደርግ። ምክሩ የመጣው ከተውሒድ፣ ከወላጅ ሐቅ፣ ከሰላትና ከሶብር ቀጥሎ መሆኑን ልብ ይሏል። ኢብኑ ከሲር በተፍሲራቸው ሉቅማን ሐበሻዊ ባሪያና አናጢ እንደነበሩ ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) የተላለፈውን ዘግበዋል። ለልጆቻችን ስናስተምር ይህን መጥቀስ ጆሯቸውን ያቆማል።

ጉንጭን ስለማዞር የተነገረውን ቃል ሙፈሲሮች «ሰዐር» ከሚባል የግመል በሽታ ጋር ያያይዙታል። በሽታው የግመሉን አንገት ያጣምማል። የከተማ ልጅ ይህን ለመረዳት ሥዕል ያስፈልገው ይሆናል፤ ከአፋር በኩል የሚመጣ ግመል እያየ ላደገ የይፋት ልጅ ግን አንድ ቃል ይበቃዋል። በአንቀጹ መጨረሻ ከድምፆች ሁሉ እጅግ የተጠላ የተባለውን የአህያ ድምፅማ በየማለዳው ይሰማዋል። «አህያዋ ምን አጠፋች?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አይጠፋም፣ ጥያቄውም ጥሩ ነው። አህያ ሌላ ድምፅ የላትም፤ ሰው ግን ድምፁን ይመርጣል።

ስለ ፊት ደግሞ ከሱረቱ ዐበሰ የበለጠ ትምህርት አናውቅም። ዓይነ ስውሩ ሶሐባ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ) ለመማር ሲመጡ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የቁረይሽን ታላላቆች ወደ ኢስላም እየጠሩ ነበር፤ ፊታቸው ተጨፈገገ፣ ዞር አሉም። ዐብዱላህ ያንን ፊት ሊያዩት አይችሉም ነበር። ሱራው ግን ስለዚያ ፊት ወረደ። ይህን ታሪክ የሰማ ልጅ የወንድሙን ጀርባ ተከትሎ ምላሱን ማውጣት «አላየኝም» በሚል እንደማይታለፍ ይገባዋል።

ብዙ ስህተት የምንሠራው ዓይን ላይ ነው። በአገራችን ታላቅ ሲናገረው አንገቱን የሚደፋ ልጅ አደብ ያለው ልጅ ነው። አንዳንድ የልጅ አስተዳደግ መጽሐፍ ግን «ዓይን ለዓይን እያየ ያናግር» ይላል፣ መምህራንም ይህንኑ ይዘው ወደ ክፍል ይገባሉ። እኛም በማስተማር ዓመታችን በዚህ ተሳስተናል። አንድ ቀን ደብተር ጠፍቶ ተማሪዎቹን ተራ በተራ ስንጠይቅ መሬት መሬቱን ያየውን ልጅ ጠረጠርን፣ በጓደኞቹ ፊትም አፋጠጥነው። ደብተሩ የተገኘው ፊት ለፊት እያየ ከመለሰልን ልጅ ቦርሳ ነው። ልጁን ይቅርታ ጠየቅነው፤ ቢሆንም ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት በክፍል ውስጥ እጁን አላወጣም።

ሐያእንና ንቀትን ለመለየት ከዓይኑ ይልቅ የቀረውን አካል ማየት ይሻላል። ያፈረ ልጅ አንገቱን ቢደፋም ደረቱ ወደ እኛ እንደዞረ ነው፣ ሲጠሩት ይቀርባል፣ ድምፁ ይሰልላል። የናቀ ልጅ ትከሻውን ይሰብቃል፣ ጉንጩን ያዞራል፣ ይገላምጣል። ግልምጫ ያለ ቃል የሚፈጸም ስድብ ነው። በሱረቱል ሁመዛህ መጀመሪያ የተወገዘውን ሰው በምላሱ ብቻ ሳይሆን በዓይኑና በእጅ ምልክትም ሰውን የሚያንቋሽሽ አድርገው ያብራሩ ሙፈሲሮች አሉ።

በይፋት ደግሞ ልጅ ከአንድ በላይ ልማድ እያየ ነው የሚያድገው። በሰንበቴ የእሁድ ገበያ አርጎባው፣ ኦሮሞው፣ አማራውና አፋሩ ይገናኛሉ። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆም ብለው ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ አንዱ ያየውንና የሰማውን ሲናገር ሌላው አያቋርጠውም። ልጅን ወደ ገበያ ይዞ የሚሄድ አባት ይህን በጣቱ ሳይጠቁም፣ በኋላ ቤት ሲገቡ «ሲያወሩ አየሃቸው? ማን ነበር ዝም ያለው?» ብሎ ቢጠይቀው አንድ ሙሉ ትምህርት ነው።

ቤት ውስጥ ማስተማሪያው ቀላል ነው። «እሺ» የሚለውን ቃል በደስታ፣ በቁጣ፣ በመሰላቸትና በማፌዝ እያሉ ልጆቹ የትኛው እንደሆነ ፊታችንን ሳያዩ ይገምቱ። ቀጥሎ ያለ ድምፅ፣ በፊት ብቻ። ሲጠሩ «አቤት»፣ «ወይ» እና «ምን» ማለት ለማን እንደሚሆን መለየትም እዚሁ ይገባል። ልጆች ይስቁበታል፤ ይሳቁ፣ በሳቅ የተማሩት አይረሳም።

መድረሳውም ያልተጠቀምንበት ሀብት አለው። ሰላት የሚሰግድ ልጅ ዙህርና ዐስር በዝግታ፣ ሱብሒ፣ መግሪብና ኢሻ ድምፅ ተሰምቶ እንደሚቀራባቸው ያውቃል። ድምፅ ቦታና ጊዜ እንዳለው ተምሯል ማለት ነው። በሱረቱል ኢስራእ 110ኛው አንቀጽ ላይም በሰላት ድምፅን ከመጠን በላይ ከፍ ማድረግም ፈጽሞ መደበቅም ተከልክሎ መካከለኛው ታዟል። «ይህቺ የዙህር ድምፅ ናት ወይስ የመግሪብ?» ብሎ መጠየቅ «አትጩህ!» ብሎ ከመጮህ ይበልጣል።

በስልጠና አዳራሾች ከመልእክት 93 በመቶው ድምፅና የአካል እንቅስቃሴ፣ 7 በመቶው ብቻ ቃል ነው የሚባል ቁጥር ይዘወተራል። አልበርት ሜህራቢያን እ.ኤ.አ በ1967 ካወጧቸው ጥናቶች የተወሰደ ሲሆን የሚመለከተው የስሜት መግለጫን ብቻ ነው፤ እሳቸውም ለንግግር ሁሉ እንደማይሠራ ተናግረዋል። በጣፋጭ ድምፅ የተነገረ ውሸት ውሸት ነውና ቃሉን አንተወውም።

ከሁሉ የሚከብደው የእኛው የታላላቆች ድምፅ ነው። አነስ (ረ.ዐ) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አሥር ዓመት ሲያገለግሉ አንድም ጊዜ «ኡፍ» እንዳላሏቸው መስክረዋል። ሙዓዊያ ኢብኑል ሐከም (ረ.ዐ) ደግሞ በሰላት መሐል ባለማወቅ ተናግረው ሳለ ነቢዩ ፊታቸውን እንዳላጨፈገጉባቸው፣ እንዳልመቷቸውና እንዳልሰደቧቸው ነው የተረኩት። የዑመር ኢብኑ አቢ ሰለማ (ረ.ዐ) እጅ በልጅነታቸው በሳህኑ ላይ ሲዞር የታረሙት ቢስሚላህ እንዲሉ፣ በቀኝ እጅና ከፊታቸው እንዲበሉ በተነገራቸው አጭር ቃል ነው፤ ከዚያ በኋላ አበላላቸው ያው ሆኖ ቀረ።

ይህ በእኛ አካባቢ ተጨማሪ ክብደት አለው። በ2013 አጣዬና አካባቢዋ የደረሰባትን፣ በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት መግባቱን ያዩ ልጆች ዛሬ በክፍላችን ተቀምጠዋል። እንዲህ ላለው ልጅ ድንገተኛ ጩኸትና በኃይል የተዘጋ በር ተግሣጽ ሳይሆን የሽሽት ምልክት ሊሆንበት ይችላል። ሲጮሁበት ደርቆ የሚቆም ልጅ እልኸኛ ተብሎ ተጨማሪ ቁጣ ሲወርድበት አይተናል። እንዲህ ሲሆን ድምፅን ዝቅ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ በልጁ ቁመት ልክ ሆኖ፣ በስሙ መጥራት ይቅደም፤ ጥፋቱ በኋላ ይነገረዋል።

ጉዳዩ የአደብ ያልሆነበት ጊዜም አለ። ሁልጊዜ ጮክ ብሎ የሚያወራና ከኋላው ሲጠሩት የማይዞር ልጅ ጆሮው ችግር ሊኖርበት ስለሚችል ጤና ጣቢያ ወስዶ ማስመርመር ያስፈልጋል። ፊት ማንበብ የሚከብደው፣ ድምፁ የማይለዋወጥና ዓይን የሚሸሽ ልጅም የኦቲዝም ምልክት እያሳየ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ልጆች ከመገሠጽ በፊት ሐኪም ይያቸው።