ጸጋ፣ ፈቃድና ተግሣጽ

ስለ ፔላግዮስ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን የሚጀምሩት ከፍርዱ ነው። መናፍቅ ተብሎ የተወገዘ ሰው ስለ ሆነ፣ የተናገረውን ከመስማታቸው በፊት ትዕቢተኛ ነበረ ብለው ያልፉታል። እኔ ግን ይህን ታሪክ በሚስዮን ትምህርት ቤት ከተማርሁበት ጊዜ አንሥቶ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። እርሱና የሂፖው ኤጲስ ቆጶስ አውግስጢኖስ የተከራከሩት ስለ አዳም ብቻ አልነበረም። መልካሙን እያወቀ ሊሠራው ያልቻለ ሰው ምን ሊባል ይገባዋል? ይገሠጻልን ወይስ ይታዘንለታል? ክርክራቸው ሥሩ እዚህ ላይ ነው፤ ይህም ልጅ ያሳደገውንና ያስተማረውን ሰው ሁሉ ይነካል። (ዓመታቱን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ፔላግዮስ የብሪታንያ ተወላጅ ሲሆን በአራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሮም ይኖር ነበር። ቅስና አልነበረውም፤ ኑሮው ግን የመናኝ ኑሮ ነበረ። በዚያ ዘመን ክርስትና የመንግሥት ሃይማኖት ሆኖ ስለ ነበረ፣ ከመኳንንቱ ብዙዎቹ የሚጠመቁት ልባቸው ተለውጦ ሳይሆን ዘመኑ ስለ ጠየቃቸው ነበር። «የሰው ባሕርይ ደካማ ነው፤ ምን ላድርግ?» እያሉ በኃጢአታቸው ተደላድለው ይቀመጡ ነበር። ፔላግዮስን ያስቆጣው ይህ ነው። አንድ ቀን አንድ ኤጲስ ቆጶስ ከአውግስጢኖስ «ኑዛዜ» አንድ ጸሎት ሲጠቅስ ሰማ፤ ጸሎቱም እግዚአብሔር ያዘዘውን ለመፈጸም የሚያስችለውን ኃይል ራሱ እንዲሰጥ የሚለምን ነበር። ፔላግዮስም ይህን ሰምቶ ሊታገሥ እንዳልቻለ አውግስጢኖስ ራሱ በኋላ ጽፎልናል።

የፔላግዮስ ማስረጃ ቀላልና ጠንካራ ነበር። እግዚአብሔር ጻድቅ ከሆነ የማይቻለውን አያዝም፤ ካዘዘም ሰው ይችላል ማለት ነው። ተማሪው ከቶ ሊሠራው የማይችለውን ሒሳብ ሰጥቶ ስላልሠራህ ብሎ የሚገርፍ መምህር ቢኖር ጨካኝ እንለው የለምን? በ413 ዓ.ም. ግድም ድሜጥሪያ የምትባል የታላቅ ቤተ ሰብ ልጅ ድንግልናዋን ለእግዚአብሔር በሰጠች ጊዜ፣ እናትዋ ምክር እንዲጽፍላት ፔላግዮስን ለመነችው። እርሱም ምክሩን የጀመረው የሰው ባሕርይ ምን ያህል መልካም ሆኖ እንደ ተፈጠረ በማስረዳት ነው፤ እችላለሁ ብሎ የማያምን ሰው መንገዱን አይጀምርምና። ጸጋ የለም አላለም። ነጻ ፈቃድ፣ ሕግ፣ የክርስቶስ ምሳሌነትና የኃጢአት ይቅርታ ሁሉ ለእርሱ ጸጋ ነበሩ።

አውግስጢኖስ ግን የሚያውቀው ሌላ ሰው ነበረ፤ ይኸውም ራሱን ነው። በ386 ዓ.ም. በሚላኖ ሳለ የቀደመ ኑሮውን ሊተው እየፈለገ መተው አቅቶት ነበር። ያን ጊዜ የጎደለው እውቀት አልነበረም፤ ትእዛዙንም ምሳሌውንም ያውቃል። ክፉ ልማድ በየቀኑ ሲደጋገም ሰንሰለት እንደሚሆን ያየው በመጽሐፍ ሳይሆን በገዛ ሕይወቱ ነው። ስለዚህ ለእርሱ ፈቃድ አለ፣ ነገር ግን ታሞአል፤ ሕግም በሽታውን ያሳያል እንጂ አያድነውም። ሰው የሚያደርገው የሚወደውን ነው፤ የሚወደውንም በትእዛዝ ብቻ ሊለውጥ አይችልም። ይህ የመጨረሻው አነጋገር ከመጻሕፍቱ ሁሉ ለእኔ እጅግ እውነት የመሰለኝ ነው።

የክርክሩ ሂደት እንዲህ ነበር። አላሪክ ሮምን በ410 ዓ.ም. በዘረፈበት ጊዜ ብዙ ሰው ወደ አፍሪካ ሸሸ፤ ፔላግዮስና ደቀ መዝሙሩ ቄሌስጥዮስም ከስደተኞቹ ጋር ነበሩ። ቄሌስጥዮስ የአዳም ኃጢአት የጎዳው አዳምን ብቻ ነው በማለቱ በ411 ዓ.ም. በካርታጎ ተወገዘ። ፔላግዮስ ወደ ፍልስጥኤም ተሻግሮ በ415 ዓ.ም. ልዳ ላይ በዐሥራ አራት ኤጲስ ቆጶሳት ፊት ተመርምሮ ነጻ ወጣ። የአፍሪካ ኤጲስ ቆጶሳት ግን አልተኙም። የሮሙ ጳጳስ ኢኖኬንትዮስ በ417 ዓ.ም. አወገዘ፤ ተከታዩ ዞሲሞስ መጀመሪያ ወደ ፔላግዮስ አዘነበለ፤ በሚያዝያ 30 ቀን 418 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሆኖርዮስ የስደት ዐዋጅ አወጣ፤ ዞሲሞስም ፈረደ። ፍርዱን አንፈርምም ካሉት ዐሥራ ስምንት ኤጲስ ቆጶሳት አንዱ የኤክላኑሙ ኢዩልያኖስ፣ አፍሪካውያኑ ለቤተ መንግሥት ሰዎች ሰማንያ ያህል ፈረሶች እጅ መንሻ ሰጥተዋል ብሎ ከሰሰ። የፈረሱን ነገር ብንተወው እንኳ፣ ስለ ነፍስ የተነሣ ክርክር በወታደር ኃይል መዘጋቱ ለአሸናፊው ወገን ክብር አይመስለኝም።

ኢዩልያኖስ አውግስጢኖስን የያዘው በደካማ ጎኑ ነው። ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን ምን ይሆናል? አውግስጢኖስ ቀላልም ቢሆን ፍርድ ያገኘዋል አለ። ለዚህ ከተደገፈባቸው ቃሎች አንዱ በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 5 ቁጥር 12 የሚገኘው ነው። በእጁ ያለው የላቲን ትርጉም ሁሉ «በእርሱ» ማለት በአዳም ውስጥ እንደ በደሉ አድርጎ እንዲያነብ ፈቀደለት፤ የግሪኩ ቃል ግን ብዙ ሊቃውንት እንደሚያነቡት የምክንያት አነጋገር ነው፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም በዚሁ መንገድ ተርጕሞታል። ትምህርቱ በሙሉ በአንዲት ቃል ላይ ቆመ አልልም። ግን ለሕፃናት የሚያስፈራ ፍርድ ከመናገር በፊት አንድ ጊዜ ግሪክኛውን አጥብቆ መጠየቅ ይበቃ ነበር። በ431 ዓ.ም. የተሰበሰበው የኤፌሶን ጉባኤም የቄሌስጥዮስን ወገን አወገዘ፤ ይህ ጉባኤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከምትቀበላቸው ሦስት ጉባኤያት አንዱ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለትምህርት የሚጠቅመኝ በሐድሩሜጡም ገዳም፣ ዛሬ በቱኒዚያ ሱስ በምትባለው ከተማ የሆነው ነገር ነው። በ426 ዓ.ም. ግድም ፍሎሩስ የሚባል መነኩሴ አውግስጢኖስ ስለ ጸጋ የጻፈውን አንድ ደብዳቤ አግኝቶ አስገለበጠና ወደ ገዳሙ እንዲደርስ አደረገ። ወንድሞች አነበቡት፤ ተጣሉም። ሁሉ ጸጋ ከሆነ ፈቃዳችን ምንድር ነው? ተባለ። አበ ምኔቱ ነገሩን የሰማው ከዘገየ በኋላ ነው። ሁለት ወጣት መነኮሳት እስከ ሂፖ ሄደው አውግስጢኖስን ጠየቁት፤ እርሱም አጠገቡ አስቀምጦ አስተማራቸው፤ ስለ ጸጋና ስለ ነጻ ፈቃድም መጽሐፍ ጻፈላቸው። ከዚያ በኋላ ግን ከገዳሙ ሌላ ወሬ መጣ። አንዱ፣ አለቆቻችን ይዘዙን፣ ይጸልዩልንም፤ ብንስት ግን አይገሥጹን፤ ያልተሰጠንን ከየት እናመጣለን? ብሏል ተባለ።

እነሆ ፔላግዮስ በሮም የፈራው ሰው ቆብ ደፍቶ ተገኘ! አውግስጢኖስም ስለ ተግሣጽና ስለ ጸጋ ሁለተኛ መጽሐፍ ጻፈ። መልሱ ባጭሩ ይህ ነው፤ መገሠጽን የሚጠላ ሰው ስለዚሁ ጥላቻው ሊገሠጽ ይገባዋል፤ የተግሣጽ ሕመም ወደ ጸሎት ይነዳዋልና። ገሣጩም ማን እንደሚድን ስለማያውቅ ሁሉን በፍቅር ይገሥጽ። እንግዲህ ሁለቱም ይገሥጻሉ። ፔላግዮስ የሚገሥጸው ሰውዬው ስለሚችል ነው፤ አውግስጢኖስ ግን የሚገሥጸው ባይችልም እንኳ እርዳታ በዚያው ተግሣጽ ሊደርስለት ይችላል ብሎ ነው። በማስተማር ባሳለፍሁት ብዙ ዘመን «ትችላለህ» ሲባል ተነሥቶ የሚሠራ ተማሪ አይቻለሁ፤ ይኸው ቃል ሲነገረው ደግሞ አንገቱን ደፍቶ የሚያለቅስም አይቻለሁ። ሁለተኛውን ልጅ በሚገባ የሚያውቀው አውግስጢኖስ ይመስለኛል። ሆኖም አውግስጢኖስ እያረጀ ሲሄድ እግዚአብሔር የሚድኑትን አስቀድሞ ወስኗል የሚለውን ትምህርት እጅግ ስላጠበቀው፣ በደቡብ ጋልያ የነበሩ መነኮሳት የሰው ትጋት ምን ዋጋ ቀረለት? ብለው አጕረመረሙ። በ529 ዓ.ም. በኦራንዥ የተደረገው ጉባኤ የእምነት መጀመሪያ ራሱ ከጸጋ ነው ብሎ አጸና፤ ሰው ለክፋት ተወስኗል የሚለውን ግን አወገዘ።

ፔላግዮስ ከ418 ዓ.ም. በኋላ ከታሪክ ይሰወራል። በጳውሎስ መልእክታት ላይ የጻፈው ትርጓሜ ግን በባላጋራው በሄሮኒሞስ ስም እየተገለበጠ በየገዳሙ ሲነበብ ኖረ፤ በስድስተኛው መቶ ዓመት ካስዮዶሮስ ስሕተት አገኘሁበት ብሎ የሮሜን ክፍል አርሞታል። ለድሜጥሪያ የጻፈው ደብዳቤም እንዲሁ በሌላ ሰው ስም ተጠብቆ ቆይቶ እስከ ዛሬ ይገኛል።