ሜዳ አይሻም የተባለው

ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተሰሜን፣ የዓባያን ሐይቅ ቁልቁል ከሚያይ ገደላማ አፋፍ ላይ፣ ኦቾሎ የምትባል የጋሞ መንደር አለች። የማኅበረሰብ ጥናት ሰዎች የሚያውቋት በዱቡሻዋ፣ ማለትም በሸንጎ አደባባይዋ ነው። እኛ የምናነሳት ግን በሌላ ጉዳይ ነው። እንዲህ ላለ ከፍታ፣ ክፉ ቀን በመጣ ጊዜ፣ ከሰማይ ምን ሊደርስለት ይችላል? "ሄሊኮፕተር ነዋ! እሱ ሜዳ አይሻም" የሚል መልስ ከብዙ ሰው አፍ ይወጣል። መልሱ ግማሽ እውነት ነው።

አውሮፕላንን ሽቅብ የሚያነሳው በክንፉ ላይ የሚያልፈው አየር ነው። ክንፉ አየር እንዲያገኝ አውሮፕላኑ መሮጥ አለበት፤ መንደርደሪያ ያስፈለገው ለዚህ ነው። አየር በሚሳሳበት ደጋ ደግሞ ሩጫው ይረዝማል። ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ የመጀመሪያዋን አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25ን፣ ወደ አዲስ አበባ ይዞ ሲመጣ ገላጣ ሜዳ በቂ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የአየር መንገዳችን ቦይንግ 720 ጄቶች ሲገቡ ግን ልደታ ስላልበቃ ቦሌ ተተካ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ረጅሙ መንደርደሪያው 3,800 ሜትር ነው።

አርባ ምንጭ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ የሚቀል ይመስላል። ሙቀቱስ? ቀትር ላይ 30 ዲግሪ ሲደርስ፣ በመደበኛው ስሌት አየሩ ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ሆኖ ይሳሳል። በመንደርደሪያው ሁለት ጫፎች የተጻፉት 03 እና 21 ለጌጥ አይደሉም። ዜሮ ቢጨመርባቸው 30 እና 210 ዲግሪ፣ የኮምፓስ አቅጣጫ ይሆናሉ። አብራሪው ከሁለቱ ፊቱን ወደ ነፋሱ የሚያዞርበትን ይመርጣል።

ሄሊኮፕተር ነገሩን ገልብጦታል፤ እሱ ቆሞ ክንፉ ይሮጣል። ክንፎቹ በአንድ ወገን ሲሽከረከሩ አካሉ በተቃራኒው ልዙር ስለሚል፣ በጭራው ያለችው ትንሽ ውልብልቢት ትይዘዋለች። ድንቅ ነው። ይሁንና ባሉበት ተንሳፎ መቆም ወደፊት ከመብረር ይበልጥ ጉልበት ይበላል። ለመሬት ሲቀርብ ቁልቁል የገፋው አየር እንደ ፍራሽ ይደግፈዋል፤ እንደ ኦቾሎ ካለ አፋፍ ጠርዝ ባለፈ ቅጽበት ግን ፍራሹ ከሥሩ ይሰወራል። ስለዚህ ከፍታው በጨመረ ቁጥር ጭነት ይቀነሳል። ባለጎማው ሚ-8 እንኳ ጭነት ሲከብደው፣ ሜዳ ካገኘ፣ እንደ አውሮፕላን ተንደርድሮ ይነሳል። ሜዳ አይሻም ያልነው እሱ!

ታሪካችንም ይህንኑ ያሳያል። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮ-አሜሪካ የካርታ ሥራ ቡድን ቀያሾችን ወደ ተራራ አናት ሲያወጣ ሄሊኮፕተር ተጠቅሟል። ጭነቱ ጥቂት ሰውና መሣሪያ ነበር። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ ግን ጭነቱ እህል ሆነ። ሚ-8 ቢበዛ የሚችለው 4 ቶን ነው፤ ሄርኩለስ የሚባለው አውሮፕላን ከዚህ አራት እጥፍ በላይ ይሸከማል። እናም ሥራው ተከፈለ። የፖላንድ ሚ-8ዎች ቦታውን የሚያዘጋጁትን ሰዎች ቀድመው በደጋው ላይ ያወርዳሉ፤ የእንግሊዝ ሄርኩለስና የምዕራብ ጀርመን ትራንሳል ከኋላ መጥተው፣ መሬቱን ሊነኩ ጥቂት እስኪቀራቸው ዝቅ ብለው፣ ሳያርፉ እህሉን ይጥላሉ።

ለኦቾሎም ቢሆን ሄሊኮፕተር ሐኪምና መድኃኒት ያደርስ ይሆናል። የአንድ መንደር ቀለብ ግን አርባ ምንጭ መንደርደሪያ ላይ ይራገፍና፣ ዳገቱን በመኪና፣ መኪና ባልደረሰበት በአህያና በሰው ትከሻ ይወጣል።