የአዳዲስ በሽታዎች ስያሜ

አዲስ የተከሰተ በሽታ መጠሪያ የሚያገኝበት መንገድ። ቀድሞ ወጥ ደንብ አልነበረውም፤ ስም የሚያወጡት ሐኪሞች፣ ጋዜጦች ወይም ሕመሙ የደረሰበት ሕዝብ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1918 ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ «የስፔን ጉንፋን» የተባለው ከስፔን ስለተነሣ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተፋላሚዎቹ አገሮች ወሬውን በሳንሱር ሲያፍኑ፣ የገለልተኛዋ ስፔን ጋዜጦች በግልጽ ስለጻፉ ስሙ ተለጠፈባት። ያው ወረርሽኝ በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲያጠቃ ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» አለው፤ ማንንም የማይወቅስ፣ ከስፔኑ የተሻለ ስም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1976 በዛየር በያምቡኩ መንደር የተገኘውን ደዌ ተመራማሪዎች በኢቦላ ወንዝ የሰየሙት መንደሩ መጥፎ ስም እንዳይወጣለት ብለው ነበር። ዕዳው ለወንዙ ተረፈ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ የቦታ፣ የሰው፣ የእንስሳ፣ የምግብና የሙያ ስሞች እንዲቀሩ፣ በምትካቸው የሕመሙ ምልክት ወይም መንስኤው ተሕዋስ እንዲገባ መከረ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 የወጣው «ኮቪድ-19» የዚህ ውጤት ነው፤ ቁጥሩ በሽታው የታወቀበትን 2019ን ያመለክታል። ቫይረሱን ራሱን የሚሰይመው ግን ሌላ አካል፣ ዓለም አቀፉ የቫይረሶች ምደባ ኮሚቴ ነው። «የዝንጀሮ ፈንጣጣ»ም እ.ኤ.አ. በ2022 «ኤምፖክስ» ተብሏል።