9 እና 10 ለምን እኩል አይወጡም? ከጋሊልዮ ዳይስ እስከ ዳላምቤር ሳንቲም

ሦስት ዳይስ አንድ ላይ ወርውሩና የወጡትን ነጥቦች ደምሩ። ድምሩ 9 የመሆን ዕድሉ ይበልጣል ወይስ 10 የመሆን? ከ400 ዓመት ገደማ በፊት በጣልያን አገር ቁማርተኞችን ግራ ያጋባው ጥያቄ ይኸው ነበር። ጥያቄው ዞሮ ዞሮ በቴሌስኮፑ ከምናውቀው ሰው፣ ከጋሊልዮ ጋሊሌይ ዘንድ ደረሰ።

ግራ መጋባቱ ያለ ምክንያት አልነበረም። ድምራቸው 9 የሚሆን የቁጥር ስብስቦች ስድስት ናቸው፦ 6-2-1፣ 5-3-1፣ 5-2-2፣ 4-4-1፣ 4-3-2 እና 3-3-3። ድምራቸው 10 የሚሆኑትም ስድስት ናቸው፦ 6-3-1፣ 6-2-2፣ 5-4-1፣ 5-3-2፣ 4-4-2 እና 4-3-3። ስድስት ለስድስት! እንግዲያው እኩል መውጣት ነበረባቸው። ለረጅም ጊዜ ሲጫወቱ የኖሩት ሰዎች ግን «የለም፣ 10 ይበልጣል» ይሉ ነበር። ታዲያ ማን ነው ልክ፣ ስሌቱ ወይስ ልምዱ?

ጋሊልዮ መልሱን የሰጠው በአንዲት አጭር ጽሑፍ ነው። ጽሑፏ የታተመችው እሱ ከሞተ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ በ1718 እ.ኤ.አ. ነበር። ሐሳቡን በዛሬ አነጋገር እንዲህ ልናስቀምጠው እንችላለን፦ ሦስቱን ዳይሶች ቀይ፣ ሰማያዊና ነጭ ቀለም ቀቧቸው። እያንዳንዳቸው 6 ፊት ስላላቸው በጠቅላላው 6 × 6 × 6 = 216 ውጤቶች አሉ፤ ሁሉም እኩል ዕድል አላቸው። አሁን 6-2-1ን ተመልከቱ። 6ቱ በቀዩ፣ በሰማያዊው ወይም በነጩ ላይ ሊወጣ ይችላል፤ የቀሩት ሁለቱም ቦታ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ ይህ ስብስብ በ6 መንገድ ይመጣል። 5-2-2 ግን በ3 መንገድ ብቻ ነው የሚመጣው። 3-3-3ማ አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው፤ ሦስቱም ዳይስ የግድ 3 መሆን አለባቸው።

እንግዲህ እንደምር። ለ9፦ 6 + 6 + 3 + 3 + 6 + 1 = 25። ለ10፦ 6 + 3 + 6 + 6 + 3 + 3 = 27። ቁማርተኞቹ ልክ ነበሩ! የ9 ዕድል 25/216 ሲሆን የ10 ደግሞ 27/216 ነው። ልዩነቱ ግን በጣም ትንሽ ነው፤ በ1,000 ውርወራ 9 በአማካይ 116 ጊዜ ገደማ፣ 10 ደግሞ 125 ጊዜ ገደማ ይወጣል። 1,000 ጊዜ ወርውራችሁ እንኳ 9 በልጦ ልታገኙት ትችላላችሁ። ልዩነቱን በዓይን ለማየት ብዙ ሺህ ውርወራ ይጠይቃል፤ በወረቀት ለማየት ግን ጥንቃቄ ያለው ቆጠራ ይበቃል።

የሦስቱ ዳይስ ድምር ዛሬ በስታቲስቲክስ ትምህርት «ራንደም ቫሪያብል» የምንለው ነገር ምሳሌ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ ውጤት አንድ ቁጥር የሚሰጥ ደንብ ማለት ነው። ውጤቶቹ 216 ናቸው፤ ድምሩ ግን ከ3 እስከ 18 ያሉትን 16 ቁጥሮች ብቻ ነው የሚይዘው። እኩል ዕድል ያላቸው 216ቱ ውጤቶች እንጂ 16ቱ ድምሮች አይደሉም። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚሰናከለው ብዙውን ጊዜ እዚች ላይ ነው።

ተማሪ ብቻም አይደለም። ዣን ዳላምቤር በዘመኑ ከታወቁት የፈረንሳይ የሂሳብ ሊቃውንት አንዱ ነበር። በ1754 እ.ኤ.አ. በታላቁ የፈረንሳይ ኢንሳይክሎፒዲያ ውስጥ ስለ ሳንቲም ጨዋታ ጻፈ። ሳንቲም ሁለት ጊዜ ቢወረወር ቢያንስ አንዴ ዘውድ የመምጣት ዕድሉ ስንት ነው? የተለመደው መልስ 3/4 ነው። ዳላምቤር ግን እንዲህ አለ፦ መጀመሪያ ዘውድ ከመጣ ጨዋታው አለቀ፤ ካልሆነ ጎፈር ከዚያ ዘውድ፣ ወይም ጎፈር ከዚያ ጎፈር ይመጣል። ሦስት ሁኔታዎች፣ ሁለቱ ያሸንፋሉ፤ ስለዚህ 2/3።

ሦስቱ ሁኔታዎች ግን እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው ብቻውን የግማሽ ዕድል አለው፤ የቀሩት ሁለቱ እያንዳንዳቸው ሩብ ነው ያላቸው። በ1757 በወጣው የኢንሳይክሎፒዲያው ቅጽ ላይ ከጄኔቫ የመጣ ተቃውሞ ታተመ፤ ክርክሩም እዚያ ላይ አልቆመም።

«1/12 ልዩነት ምን ያመጣል?» ትሉ ይሆናል። በገንዘብ እንየው። አንድ ሰው «ዘውድ ጭራሽ ካልመጣ 2 ብር እሰጣችኋለሁ፤ ከመጣ ግን 1 ብር ትሰጡኛላችሁ» ቢላችሁ፣ በ2/3 ስሌት ውርርዱ ፍጹም ፍትሐዊ ይመስላል። በእውነቱ ግን ከአራት ጨዋታ በአማካይ ሦስቱን ተሸንፋችሁ 3 ብር ትከፍላላችሁ፤ አንዱን አሸንፋችሁ 2 ብር ትቀበላላችሁ። በአራት ጨዋታ 1 ብር፣ በአንድ ጨዋታ 25 ሳንቲም ኪሳራ ማለት ነው። መቶ ጊዜ ብትጫወቱ በአማካይ 25 ብር ከኪሳችሁ ይወጣል። ከእያንዳንዱ ጨዋታ የምታገኙት ገንዘብም ራንደም ቫሪያብል ነው፤ ያቺ 25 ሳንቲም ኪሳራ ደግሞ የሚጠበቀው ዋጋው ትባላለች።

ስለዚህ የፕሮባቢሊቲ ጥያቄ ሲገጥማችሁ ወደ ቀመር ከመሮጣችሁ በፊት «የምቆጥራቸው ነገሮች በእርግጥ እኩል ዕድል አላቸው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። እስቲ አሁኑኑ በሁለት ዳይስ ሞክሩት። 9 በ6-3 እና በ5-4፣ 10 ደግሞ በ6-4 እና በ5-5 ይመጣል። ሁለት ለሁለት ይመስላል። ከ36ቱ ውጤቶች ስትቆጥሩ ግን 9 አራት፣ 10 ሦስት ሆነው ታገኟቸዋላችሁ። በሦስት ዳይስ የተሸነፈው 9፣ በሁለት ዳይስ አሸናፊ ሆነ ማለት ነው!